የማይለመነው ዘበኛ

ከከተማ ዳር ባለ የጨርቅ ፋብሪካ፣ የካሜራው ምስል በሚጠራቀምበት ጠባብ ክፍል፣ ከምሳ በፊት፤ የጥበቃ ኃላፊው ሻምበል ጓንጉል ቆመጥ ይዘው ቆመዋል፤ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ትርሲት ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀምጣለች።

ትርሲት፦ የካሜራው ምስል ያለበትን ዲስክ ነቅለው ወሰዱት፤ ከዚያ ደግሞ ሳያውቁ ደመሰሱት። ቶፊቅ ባልመታው ሰው ታስሯል። የሆነው ይኸው ነው። የሚጨምሩት ካለ ቶሎ ይበሉ፤ ሥራ ላይ ነኝ።

ሻምበል፦ ሰው ሲያናግርሽ ፊትሽን አዙሪ።

ትርሲት፦ ጆሮዬ ወደ እርስዎ ነው። ዓይኔ እዚህ ያስፈልጋል።

ሻምበል፦ እኔ ምንም አልነቀልኩም። ትናንት መብራት ሄዶ ነበር። የናንተ ዕቃ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ነገሩን ይጥላል።

ትርሲት፦ መብራት ሲሄድ ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው። ከዲስኮቹ መካከል አንዱን መርጦ አይወስድም። ይህን ጥቁር ስክሪን ያዩታል?

ሻምበል፦ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል።

ትርሲት፦ ጉንዳን አይደለም፣ ዘበኛ ነው። አንድ ትዕዛዝ ጽፌ ትቼዋለሁ። ዲስክ ሲገባ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ሲወጣ ይጽፋል፤ ሲደመሰስ ይጽፋል። የዲስኩን ቁጥር ከነሰዓቱ። ካልነኩት ዝም ይላል። እርስዎ በር ላይ ዘበኛ እንደሚያቆሙት ማለት ነው፤ የኔው ግን አይተኛም፣ አይለመንም፣ ሰውም አይደበድብም።

ሻምበል፦ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ።

ትርሲት፦ ትናንት ፈረቃ ሲቀየር አንዱ ዲስክ ከዚህ ሣጥን ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ያው ዲስክ፣ ያው ቁጥር፣ ጥበቃ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተሰካ።

ሻምበል፦ ጥበቃ ቢሮ ያለውን አንቺ በምን አየሽው?

ትርሲት፦ በፍላሽ ፊልም እየጫናችሁ ፋብሪካውን ሙሉ ቫይረስ የዘራችሁበት ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ከዚያ ወዲህ በየቢሮው ይህንኑ ትዕዛዝ አስቀምጫለሁ። ያኔ ፈርመው የተቀበሉት እርስዎ ነዎት።

ሻምበል፦ የፈረምኩትን ሁሉ ካነበብኩ መቼ ልተኛ ነው?

ትርሲት፦ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠየቀዎት፤ "ይህን ዲስክ አላውቀውም፣ ፎርማት ላድርገው ወይ?" አለ። እርስዎ "አዎ" አሉት። ይኸው፣ "ተደመሰሰ" ይላል።

ሻምበል፦ ከደመሰስኩትማ አለቀ። አይጥ የበላውን እህል ቆጥሮ የከበረ የለም።

ትርሲት፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው ተረቱ። ዳዋው ቶፊቅ ነው፤ እስር ቤት ተቀምጧል።

ሻምበል፦ ቱታው በደም ተለውሶ ነው የተገኘው። ጋሽ አስረስ ላይ ተንበርክኮ። የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘው ሽማግሌ ጭንቅላቱ እንደ ቅል ተፈርክሷል፤ ሐኪም ቤት ገብቶ እስካሁን አልተናገረም። የአገሩ ሰው ሁሉ አይቷል። እናንተ ምንድን ናችሁ? ቶፊቅ ምንሽ ነው?

ትርሲት፦ ምኔም አይደለም። ጄነሬተር የሚያስነሣልኝ ሰው ነው።

ሻምበል፦ ለጄነሬተር ብለሽ ከኔ ጋር ትጣያለሽ?

ትርሲት፦ መብራት ሲሄድ ይገባዎታል።

ሻምበል፦ እሺ፣ በሰላም ልጠይቅሽ። ዲስኩ ከጠፋ ምን እያየሽ ነው? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተተክለሽ ምን ትጠብቂያለሽ?

ትርሲት፦ እነዚህ ዲስኮች መንታ ናቸው። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይም ይጻፋል። እርስዎ አንዱን መንታ ነው የወሰዱት።

ሻምበል፦ ሌላው እዚህ ነው ያለው?

ትርሲት፦ እዚህ ነው።

ሻምበል፦ ስጪኝ።

ትርሲት፦ አልሰጥም።

ሻምበል፦ አንቺ ልጅ፣ እኔ ሃያ ዓመት ወታደር ነበርኩ። ስጪኝ ስል ሰው ይሰጠኛል።

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሰልፍ ይዤ ምሳ በልቻለሁ። ማስፈራራት አይበግረኝም።

ሻምበል፦ ከስክሪኑ ራቂ።

ትርሲት፦ ይመቱት።

ሻምበል፦ ራቂ አልኩሽ። ይኸው! ይኸው ዘበኛሽ! አሁን ይጽፋል? ምነው ዝም አለ?

ትርሲት፦ መስታወቱን ነው የሰበሩት። መስታወት ቢሰበር ፊት አይጠፋም። ትዕዛዙ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ አሁንም ይጽፋል። ይኸው ላፕቶፔን ሰካሁት። ያው መስመር፣ ያው ጉንዳን።

ሻምበል፦ የሰይጣን ሥራ።

ትርሲት፦ ደግሞም ጉንጬን ስባሪ ቧጭሮኛል። ለስክሪኑ እርስዎ ይጠየቁበታል፤ ለጉንጬ እኔ እጠይቅዎታለሁ።

ሻምበል፦ እስካሁን ያላደረግሽው ነገር አለ። ምስሉ በእጅሽ ከሆነ ለምን ለፖሊስ አላደረስሽውም? ንገሪኝ። የምትቸኩይው ልጅ፣ ቡና እስኪቀዘቅዝ የማትጠብቂው፣ ምን ያዘሽ?

ትርሲት፦ የቀረው መንታ አሮጌ ነው። እርስዎ ወንድሙን ሲነቅሉት ሣጥኑ ውስጥ ተጠባባቂ ሆኖ የተኛው ሦስተኛው ዲስክ ነቃ። አሮጌው ያለውን ሁሉ አሁን ለሱ እየገለበጠለት ነው። በመሃል ሌላ ሥራ ከሰጠሁት ይሞትብኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታገሥኩ።

ሻምበል፦ ስለዚህ አላለቀም።

ትርሲት፦ ትንሽ ቀርቶታል።

ሻምበል፦ ይሄ አረንጓዴ መብራት የሚያርገበግበው ነው አሮጌው?

ትርሲት፦ እጅዎን ያንሡ።

ሻምበል፦ ዞር በይ።

ትርሲት፦ ሻምበል፣ እጅዎን ያንሡ ብያለሁ። በእጄ የያዝኩት ጠመንጃ መፍቻ ነው።

ሻምበል፦ በጠመንጃ መፍቻ ልታስፈራሪኝ? እኔን? ዞር በ... ኧረ! እጄን ወጋሽኝ!

ትርሲት፦ አንዱን ነው። ሌላ እጅ አለዎት፤ እሱንም ወዲያ ያድርጉት።

ሻምበል፦ አንቺ የማትረቢ! እንኪ! እንኪ!

ትርሲት፦ ...ክንዴን ሰበሩት።

ሻምበል፦ ማን ውጊ አለሽ።

ትርሲት፦ ሲሰበር ሰማሁት። እርስዎም ሰምተዋል።

ሻምበል፦ ውጪና ሐኪም ቤት ሂጂ። ታክሲ አስጠራልሻለሁ። ዕቃውን ለኔ ተዪው።

ትርሲት፦ የምጽፈው በቀኝ ነው፣ የሰበሩት ግራዬን ነው። አልሄድም።

ሻምበል፦ ክንድሽ ተሰብሮም አሁንም "እርስዎ" ትይኛለሽ?

ትርሲት፦ ክብሩ የዕድሜዎ ነው። ለራስዎ አይውሰዱት።

ሻምበል፦ ምን ዓይነት ጭንጫ ነሽ አንቺ።

ትርሲት፦ ሞላ።

ሻምበል፦ ምኑ?

ትርሲት፦ የመጨረሻው መስመር ተጻፈ። ተጠባባቂው ሞልቷል። አሁን አሮጌውን መንቀል ይችላሉ፤ ይንቀሉት፣ ለማስታወሻ ይውሰዱት።

ሻምበል፦ እንግዲያው ሣጥኑን በሙሉ ነው የምፈጨው። ሁለቱንም። ሦስቱንም።

ትርሲት፦ ይችላሉ። አንድ ክንድ ይዤ አልከለክልዎትም። ግን ከመፍጨትዎ በፊት አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ትናንት ዲስኩ እጅዎ ከገባ በኋላ ለምን ወንዝ አልጣሉትም? ለምን ወስደው ኮምፒውተር ላይ ሰኩት?

ሻምበል፦ ምን አገባሽ።

ትርሲት፦ ሊያጠፋ የመጣ ሰው አይሰካም። የሚሰካ ሰው ሊያይ የፈለገ ነው።

ሻምበል፦ ማንን ላይ?

ትርሲት፦ ይህን ሁሉ የሚያደርጉለት ሰው አንድ ነው፤ ጋሽ አስረስን የመታው ልጅዎ፣ ዘበኛው ይታገሱ ነው።

ሻምበል፦ ተጣሉ ነው ያለኝ። ዕቃ ሊያስጭን ሄዶ፣ ሽማግሌው መጋዘኑን አልከፍትም አለው፣ ሰደበው፣ ገፋው። እሱም አንድ ጊዜ መታው፤ ወደቀ። አንድ ጊዜ። ዱላ ቀማኛ ነው፣ አንድ ጊዜም ይገድላል። በጠብ መሃል የሚሆን ነው።

ትርሲት፦ አመኑት?

ሻምበል፦ ልጄ ነው። ስሙን ይታገሱ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ጦር ሜዳ ላይ እንኳ በወደቀ ሰው ላይ ዱላ አላነሣሁም፤ ማርኬ ውሃ አጠጥቻለሁ። እሱንም ያሳደግኩት እንደዚህ ነው።

ትርሲት፦ የተቀመጠችን ግን ይመታሉ።

ሻምበል፦ ...ወግተሽኝ ነው።

ትርሲት፦ ልጅዎን ካመኑት ለማየት ባልፈለጉ ነበር። ይኸው ከፈትኩት። ይቅረቡ። ካዩት በኋላ ቆመጡም እጅዎ ላይ ነው፣ ሣጥኑም እዚሁ ነው።

ሻምበል፦ አንቺ አይተሽዋል?

ትርሲት፦ አላየሁም። አብረን ነው የምናየው።

ሻምበል፦ ይሄ የመጋዘኑ በር ነው።

ትርሲት፦ ጋሽ አስረስ ያ ነው። ቁልፉን ኪሱ እየከተተ ነው።

ሻምበል፦ ይኸው ይታገሱ። ሲራመድ እናቱን ነው የሚመስለው።

ትርሲት፦ ቁልፉን ስጠኝ እያለ ነው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። አልገፋውም፣ ሻምበል። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

ሻምበል፦ ካሜራው ከጎን ስለሆነ ነው። ገፍቶት ይሆናል።

ትርሲት፦ መታው።

ሻምበል፦ ወደቀ። አየሽ? አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ ነው ያለኝ፤ አልዋሸኝም። ዝጊው።

ትርሲት፦ አላለቀም።

ሻምበል፦ ዝጊው አልኩሽ።

ትርሲት፦ ይዩ።

ሻምበል፦ ለምን አይነሣም? ተነሥ እንጂ፣ አስረስ... ምን ሊያደርግ ነው ይሄ ልጅ? ወድቋል እኮ። ወድቋል! እጁን እያነሣለት ነው፣ ተወኝ እያለው ነው።

ትርሲት፦ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ሻምበል፦ ዝም በይ። እጁን መታው። ያነሣውን እጅ። አሁን ጭንቅላቱን ነው... በስመ አብ። ደገመው። ሽማግሌው አይንቀሳቀስም፣ እሱ ይመታል። እንደ እህል። እንደ እህል እየወቃው ነው።

ትርሲት፦ ቁልፉን አወጣ። ከሽማግሌው ኪስ።

ሻምበል፦ ደሙን በሸሚዙ ጠረገ። በአስረስ ሸሚዝ ቆመጡን እየጠረገ ነው።

ትርሲት፦ መጋዘኑን ከፍቶ ገባ። ጣቃ ጨርቅ ይዞ ወጣ። ሲረማመድበት ያያሉ?

ሻምበል፦ አያለሁ።

ትርሲት፦ ይኸው ቶፊቅ። እየሮጠ ነው። ተንበረከከ፤ ራሱን ደገፈለት። ደሙ ቱታው ላይ የወጣው ያኔ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ ያየው ይህን ነው።

ሻምበል፦ አጥፊው።

ትርሲት፦ ማጥፋት ወይስ መዝጋት? ቃሉን ይለዩልኝ።

ሻምበል፦ መዝጋት። ዓይኔ ደክሟል።

ትርሲት፦ ዘጋሁት። እንግዲህ ሣጥኑ ያ ነው።

ሻምበል፦ ለፖሊስ ለመገልበጥ ብዙ ጊዜ ይወስዳል?

ትርሲት፦ አይወስድም።

ሻምበል፦ ገልብጪ። መጀመሪያ ግን ደውዪላቸው። ክንድሽንም ተናገሪ፤ ማን እንደሰበረው በስሜ ጥሪው።

ትርሲት፦ ሳይነግሩኝም እጠራው ነበር። የት ሊሄዱ ነው? ቆመጡን ያስቀምጡ። ልጅዎን ሊገድሉት ነው?

ሻምበል፦ ቆመጡ የኔ አይደለም። እጀታውን እዪው፤ የተቃጠለው ቁጥር የሱ ነው። ትናንት በበረኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይሄንንም ንገሪያቸው።

ትርሲት፦ በዚህ ነው እኔን የመቱኝ?

ሻምበል፦ በዚህ ነው። ይኸው፣ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀመጥኩት። በጨርቅ ካልሆነ አትንኪው።

ትርሲት፦ ስልክ ደውለው አምልጥ ሊሉት ከሆነ እዚሁ ይንገሩኝ፤ ጊዜዬን አያቃጥሉ።

ሻምበል፦ ዋናው በር ላይ ተረኛ ነው። ሌላ ሰው ቢልኩበት ይሸታል፣ ይሮጣል። እኔ ግን አባቱ ነኝ። ባዶ እጄን ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ፣ ስለ ምሳ አወራዋለሁ፤ እነሱ እስኪደርሱ።

ትርሲት፦ ከተጠራጠረስ?

ሻምበል፦ ያን ጊዜ እኔንም ይመታኛል፤ የዋናው በር ካሜራ ደግሞ ይሠራል። ዘበኛሽ ዓይኑን እንዳይከድን። አትነሺ፤ ክንድሽን ያዢ። በሩን እኔው ዘግቼው እሄዳለሁ።