ለደጋ ውርጭ ቀን ይቆጥሩ የነበሩት ወይዘሮ ውባለም አሰፋ

ይህን የጻፈችው ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን በጭንቅ የጨረሰችው የልጅ ልጃቸው ብሌን በመሆኗ፣ ለተንጋደደው የእጅ ጽሑፏና ለፊደል ግድፈቷ በተለይ በቀብሩ ላይ የሚያነቡልንን ጋሼ ታከለን ይቅርታ ትጠይቃለች።

ወይዘሮ ውባለም ከአባታቸው ከአቶ አሰፋ ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች ይፍሩ በ1936 ዓ.ም. ደብረ ሲና አጠገብ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ልጆች ከወለዱ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነበር። በ1955 ዓ.ም. አቶ ጌታቸው ሙሉቀንን አግብተው ወደ ሸዋ ሮቢት ወረዱ፤ ባለቤታቸው በ1988 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህም ቤታቸውን ያስተዳደሩት በጓሯቸው በሚያፈሉት የበሶብላ ችግኝ ነበር።

በሶብላ ደጋ ላይ ውርጭ ስለሚያቃጥለው፣ እርሳቸው ውርጭ በማያውቀው ቆላ በጥር መጀመሪያ ዘርተው ያሳድጉና፣ ደብረ ሲና ላይ ሦስት ጠዋት ተከታትሎ ውርጭ አለመውረዱን ሲሰሙ በአውቶቡስ ይልኩት ነበር። የደብረ ሲና ሰውም «የውባለም ችግኝ ከመጣ ብርዱ አልፏል» ብሎ ሳይጠራጠር ይተክላል። እርሳቸው ግን ሲመሰገኑ፣ «ውርጭ ዘመድ አይደለም፤ ጠይቆ ማደር ነው» ይሉ ነበር።

ጉልበታቸውን ከታመሙ በኋላ በየጠዋቱ መናኸሪያ ሄዳ ከደብረ ሲና የወረዱ ሾፌሮችን የምትጠይቅላቸው ብሌን ነበረች። ረዳቶቹም ገና ከሩቅ ሲያዩአት፣ «ውርጭ መጣች! ለቆላ ልጅ የደጋ ብርድ ምኗ ነው?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የላኩት ችግኝ በተተከለ በማግስቱ በሙሉ ተቃጠለ። ደንበኞቻቸው፣ «እትዬ ውባለም አረጁ፤ ቀኑ ጠፋባቸው» አሉ። እርሳቸውም አመኑ። በየቤቱ ሰው ልከው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲያ የችግኝ መደቡን አልዘሩም፤ ጥር በገባ ቁጥር በራቸውን ዘግተው ይውሉ ነበር። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተውም ሰኔ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ልጆቻቸው ወርቁና ሐረገወይን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውም ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን።

ጋሼ ታከለ የቀረውንም ሳይዘሉ እንዲያነቡት ብሌን ትለምናለች። ወይዘሮ ውባለም ቀኑ አልጠፋባቸውም። በዚያ ዓመት ብሌን ረዳቶቹን እያፈረች ከመናኸሪያው አጥር ጥግ ትንሽ ቆማ ትመለስ ነበር፤ ለማንም ነግራ አታውቅም። ሦስቱንም ጠዋት ማንንም ሳትጠይቅ፣ «ዛሬም አልወረደም አሉ» አለቻቸው።