አፍንጫቸውን የደፉ ሰባት ታንኳዎች፦ የአቶ አርሴን ብሩሌ የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ መጥታችሁ በዚህች ጠባብ ቤተ ክርስቲያን ተጨናንቃችሁ የተቀመጣችሁ ለቀስተኞች ሁሉ፤ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ ኦዲሎን ጎቲዬ የሟች ባለቤት የወይዘሮ ዚታ ታላቅ ወንድም ስሆን፣ አቶ አርሴን ለራሳቸው ቤት በሠሯቸው ታንኳዎች ሁሉ ቀዝፌ፣ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው በሚያሻግሩ የጫካ መንገዶች ላይ ደግሞ እነዚያኑ ታንኳዎች በትከሻዬ ተሸክሜ ጉልበቴን የጨረስሁ ሰው ነኝና ከእኔ የተሻለ ምስክር አይገኝም ተብሎ ነው። ወይዘሮ ዚታ ጽሑፉን ትናንት አንብበው ሁሉንም ፈቅደውልኛል። የከለከሉኝ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱንም አልጠራም።

አቶ አርሴን ከአባታቸው ከአቶ ኤልዜያር ብሩሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊዮንቲን እ.ኤ.አ. በ1942 በዚሁ በክሮሽ ሐይቅ ዳር ተወለዱ። አባታቸው ግንድ በወንዝ እያንሳፈፉ የሚያወርዱ ሠራተኛ ስለነበሩና በዚህም ሥራ ሁለት ጣታቸውንና ብዙ ጓደኞቻቸውን ስላጡ፣ ልጃቸው ከውሃ የራቀ እንጀራ እንዲበላ ተመኝተው፣ ገና በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የንድፍ ሥራ እንዲማሩ ወደ ሞንትሪያል ላኳቸው። አቶ አርሴንም ሁለት ዓመት ሙሉ የድልድይና የፋብሪካ ንድፍ ተምረው፣ በጥሩ ውጤት ተመርቀው፣ ማስመሪያቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ መንደራቸው በተመለሱ ማግሥት ታንኳ መንደፍ ጀመሩ። አባታቸው ለሦስት ሳምንት አላናገሯቸውም።

የእጁን ሙያ ያስተማሯቸው ታንኳ መሥራትን ከአያት ከቅድመ አያታቸው የወረሱት፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከአልጎንኩዊኖች ወገን የሆኑት ሽማግሌ አቶ ሚሼል ዋቦ ነበሩ። ዝግባውን ሰንጥቆ ማሳሳትን፣ የታንኳውን የጎድን እንጨቶች በእንፋሎት አፍልቶ በቅርጽ ማውጫው ላይ ማጉበጥን፣ ሳንቃውን በነሐስ ሚስማር መምታትን ሁሉ ከእርሳቸው ተማሩ። አንድ ነገር ብቻ አልተቀበሏቸውም። አቶ ሚሼል ለሰው ታንኳ ከመሥራታቸው በፊት ሰውየውን አሮጌ ታንኳ ውስጥ ከውሃ ዳር ያስቀምጡትና ፒፓቸውን እያጨሱ ዝም ብለው ያዩት ነበር፤ የተማሩት አቶ አርሴን ግን ሰው ሲቀመጥ ከማየት ይልቅ ኪሎውን ጠይቆ በደብተር መጻፍን መረጡ። ድንኳኑን፣ መጥረቢያውን፣ የዱቄቱን ከረጢት፣ የሻይ ጀበናውን፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም አብረውን የተጓዙትን ቄስ የጸሎት መጽሐፍ በሚዛን አስቀምጠዋል። ሰውን ግን ሚዛን ላይ ውጣ ማለት ነውር ነው ብለው ያምኑ ነበርና በቃሉ ያምኑት ነበር።

በ1968 ከእህቴ ጋር ሲታጩ፣ ለሠርጋቸው ጉዞ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰሜኑ ጫካ የሚያደርሳቸውን ታንኳ ለመንደፍ ደብተራቸውን ይዘው እናታችን ቤት እራት ላይ መጡ።

«ዚታ፣ ለንድፉ ነው፤ ስንት ኪሎ ነሽ?»

እናታችን ጭልፋውን አስቀመጡ። ዚታ ከሳህኗ ቀና ሳትል «ሃምሳ ሁለት» አለች። የጎረስሁት ትን አለኝ። እኔ በዚያ ዘመን የእህል መጋዘን ሠራተኛ ነበርሁና ሃምሳ ሁለት ኪሎ ምን እንደሚያህል በዓይኔ አውቅ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ቅልጥሜን ከጠረጴዛው ሥር በጫማዋ አቀመሰችኝ፤ እኔም ለሃምሳ ዓመት ዝም አልሁ።

በታንኳ ጉዞ የፊተኛው ቀዛፊ ቀላል ከሆነ መቀመጫው ወደ አፍንጫው፣ ማለትም ወደ ታንኳው ፊተኛ ጫፍ ይጠጋል፤ ሁለቱ ሰዎች የሚመዛዘኑት እንዲያ ነው። አቶ አርሴንም የወይዘሮ ዚታን መቀመጫ ለሃምሳ ሁለት ኪሎ በሚገባው ቦታ፣ ከአፍንጫው ሥር አደረጉት። ታንኳዋ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ሁለቱን ይዛ ውሃ ላይ ስትወርድ አፍንጫዋን ደፋች።

የፖስታ ቤቱ አቶ ጋስፓር «ጠምቷት ይሆናል» አሉ።

አቶ አርሴን ግን ንድፋቸውን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ስህተቱ የእኔ ነው» አሉ። በሠርጋቸው ጉዞ ማዕበሉ በየቀኑ በአፍንጫው ላይ እየዘለለ ሙሽራዋ ጭን ላይ ሲፈስ፣ ወይዘሮ ዚታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃውን በድስት እየጨለፉ ከመድፋት በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ዘወትር ተናጋሪ ለነበሩት ለእህቴ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የምናውቃቸው እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ አቶ አርሴን ለራሳቸውና ለባለቤታቸው ስድስት ታንኳዎች ሠሩ። በእያንዳንዷ አፍንጫውን ከፍ፣ ጎኑን ሰፋ እያደረጉ ቢያሻሽሉም፣ መቀመጫው ሁልጊዜ በዚያው በሃምሳ ሁለት ስሌት ስለሚገባ ሁሉም ደፉ። አንድ ጊዜ፣ ባይሆንልኝም፣ ልነግራቸው ሞክሬ ነበር።

«አርሴን፣ መቀመጫውን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ብትስበውስ?»

«መቀመጫው በስሌት የገባ ነው፣ ኦዲሎን። ሚስቴ ዋሽታለች ልትለኝ ነው?»

«እኔ ምንም አልወጣኝም።»

የሚያስቀው ነገር፣ ይህ ስህተታቸውን ለማረም የፈለሰፉት ከፍ ያለ ሰፊ አፍንጫ በትልልቅ ሐይቆች ላይ ማዕበልን የሚያሸንፍ ሆኖ በመገኘቱ፣ መንገደኛ በጫካ የሚመሩ ሰዎች ከሩቅ እየመጡ የብሩሌ ታንኳ ካልሆነ አንገባም እስኪሉ ድረስ ስማቸው ገነነ። ለሌላ ሰው የሠሩት ሁሉ ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ከዓመት ዓመት አፍንጫውን የሚደፋው የራሳቸው ብቻ ነበር፤ ይህም ያሳዝናቸው ነበር፤ በጣም ያሳዝናቸው ነበር። በ1991 የታንኳ ሠሪዎች ማኅበር የክብር ሽልማት ሊሰጣቸው ሲጠራቸው «የገዛ ሚስቱን ሳያረጥብ መውሰድ ያቃተው ሰው አይሸለምም» ብለው ቀሩ። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ እንደነበር እኔ እመሰክራለሁ፤ ዚታን ከፊት አስቀምጣ ቀጥ የምትል አንዲት ታንኳ።

በትዳራቸው ማሪዝና ዞዬ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተው፣ በዝግባ ፍቅፋቂ መካከል በመልካም ሥነ ምግባር አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ2018 መጸው ሐኪሞች የሆዳቸውን በሽታ ሲነግሯቸው፣ አቶ አርሴን ከሐኪም ቤት ቀጥታ ወደ ሥራ ቤታቸው ገብተው ስምንተኛዋን ታንኳ ጀመሩ። ጎድን የሚጎብጠው በሁለት ሰው ነው፤ ከእንፋሎቱ የወጣው እንጨት ሳይቀዘቅዝ አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ ጎትቶ መያዝ አለበት፤ የለቀቀ ያበላሸዋል። ወይዘሮ ዚታ የመረጡት ሰዓት ይህን ነበር። እኔ ሚስማር ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«አርሴን፣ ያ ሃምሳ ሁለት ውሸት ነበር።»

አቶ አርሴን እንጨቱን አልለቀቁም። «እውነቱስ?» አሉ። ነገሯቸው። ጎድኑ በሚስማር ከተመታ በኋላ፦

«እና ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስሌቴ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ እየቆየ ሲሄድ ባሰብኝ።»

በፍቅፋቂው ላይ ተቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ። በማግሥቱ ደግሞ ተቆጥተው ሁለት ቀን አኮረፉ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«እግሬን መታችኝ።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያማል?»

ንድፉን እንደገና ሠሩ፤ የወይዘሮ ዚታን እውነተኛ ኪሎ ጻፉ፤ ከሥሩም የራሳቸውን ሰማንያ አራት አሉ። ማናችንም አልጠየቅናቸውም። ያን ሰሞን ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ይለብሱ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ታንኳዋ ስትወርድ አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። ወይዘሮ ዚታ ከፊት፣ አቶ አርሴን ከኋላ ተቀመጡ። ኋላዋ ከውሃው ብድግ አለና አፍንጫዋ ተደፋ። አቶ ጋስፓርም በዚያን ቀን አልቀለዱም። ከሐኪሙ በቀር ማንም ያላወቀውን ሁላችንም እዚያው አየነው።

ወይዘሮ ዚታ ዞር ብለው «አንተስ ስንት ነህ?» አሉ።

አቶ አርሴን «ሃምሳ ስምንት» አሉ።

ወይዘሮ ዚታ ከነቀሚሳቸው ወደ ውሃው ሊወርዱ ሲሉ፣ አቶ አርሴን «ቀሚስሽ!» ብለው ስለጮሁ፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወረዱ። ከዳርቻው ድንጋይ እያነሡ አንድ በአንድ ከባለቤታቸው መቀመጫ ሥር ደረደሩ፤ እኛ ልናግዝ ስንል ከለከሉን። ታንኳዋ ቀጥ ስትል ተመልሰው ገቡ፤ ሁለቱም ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር፣ ከነፋሱ ፊት ለፊት ቀዝፈው ተመለሱ። ያን ቀን ማዕበል ነበር። አቶ አርሴን ከታንኳው ሳይወርዱ እኔን ጠሩኝ።

«ኦዲሎን፣ ና ቀሚሷን ንካው።»

ነካሁት። ደረቅ ነበር።

አቶ አርሴን ብሩሌ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዚታን፣ ልጆቻቸውን ማሪዝንና ዞዬን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ በየሐይቁ ላይ ያሉ ከሁለት መቶ በላይ ታንኳዎችን፣ እኔን አማቻቸውንና ጉልበቶቼን ትተው ሄደዋል። ስምንተኛዋ ታንኳ ከነድንጋዮቿ ዳር ላይ አለች፤ ወይዘሮ ዚታ ድንጋዮቹን ማንም እንዳያነሣ አዝዘዋል።

የእያንዳንዳችንን ልክ ሳይጠይቅ የሚያውቅ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ማዕበል በሌለበት ዳርቻ ያሳርፍልን፤ ከፊት ለፊታቸው ያለውን መቀመጫም ለእህቴ ይጠብቅላት፤ ግን አይቸኩል። አሜን።