«ሲስተር!» ሲባል

(በአንድ ሆስፒታል የኮሮና ክፍል፣ ረፋድ ላይ፦ በበሽታው ተይዘው የተኙት ነባር ነርስ ሲስተር አስካል፣ የኦክስጅን ማስካቸውን አውልቀው ከአልጋ ሲወርዱ፣ እሳቸው ያሠለጠኗት ወጣት ነርስ ማስተዋል ደረሰችባቸው።)

ማስተዋል፦ ኧረ በእመቤቴ! ደግሞ ወዴት ነው?

አስካል፦ አልሰማሽም? የጥግ አልጋዋ ሴትዮ «ሲስተር!» ብላ ተጣራች።

ማስተዋል፦ እኔን ነዋ የጠራችው!

አስካል፦ ታዲያ ቶሎ አቤት አትይም?

ማስተዋል፦ ማስኩን ይመልሱት። ማሽኑ እየጮኸ ነው።

አስካል፦ እሱ ልማዱ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት።

ማስተዋል፦ ሌላ በሽተኛ እንዲህ ቢያደርግ ምን ይሉት ነበር?

አስካል፦ እቆጣው ነበር።

ማስተዋል፦ እንግዲያው እኔም ልቆጣ።

አስካል፦ አንቺ? መርፌ ወግተሽ ይቅርታ የምትጠይቂው ልጅ?

ማስተዋል፦ ዶክተሩ ምን አለ? በሆድዎ ይተኙ፣ ማስክ አያውልቁ። አለዚያ ዛሬውኑ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ!

አስካል፦ ሰምቻለሁ። የታመመው ሳንባዬ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው።

ማስተዋል፦ ጆሮዎ ነው እንጂ የባሰበት! ትናንት ቴሌቪዥን ላይ አንዱ «ሲስተር!» ቢል ግሉኮስዎን ነቅለው ተነሡ።

አስካል፦ ሰውየው እየሞተ እኮ ነው! ነርሷ ደግሞ ቆማ ታለቅሳለች።

ማስተዋል፦ እኔም ቆሜ እንዳለቅስ ነው የሚፈልጉት?

አስካል፦ አንቺ ልጅ... በዚያ የመከላከያ መነጽር ውስጥ ታለቅሻለሽ እንዴ? ጉም ከያዘው ደም ሥር በምን ታገኛለሽ?

ማስተዋል፦ ጉም ይያዘው!

አስካል፦ እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ። በሆዴ ስተኛ በሩ አይታየኝም። ማን እንደገባ፣ ማንን ይዘው እንደወጡ... ፈራሁ።

ማስተዋል፦ በሩን እኔ አየዋለሁ። እግዚአብሔርም ያየዋል።

አስካል፦ እሱ እንኳ አያንቀላፋም፤ የምፈራው ላንቺ ነው።

ማስተዋል፦ ቀልዱን ይተዉና ይገልበጡ። ቀስ... ማስኩ ፊትዎ ላይ፣ ትራሱ ደረትዎ ሥር።

አስካል፦ ትንሽ ከፍ... ተዪው፤ አንቺ እንዳልሽ ይሁን።

ማስተዋል፦ ይኸው፣ ሴትዮዋ ደግማ ተጣራች። እንዳይነሡ!

አስካል፦ ሂጂ እንጂ፣ አንቺን ነው የጠራችው።

ማስተዋል፦ የሚፈልጉት ካለ ይጥሩኝ። ያው እንደ ለመዱት፣ «አንቺ ልጅ» ይበሉኝ።

አስካል፦ ሲስተር!... ስትመለሺ ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ ሳብ አድርጊልኝ።