ደረቀ የተባለው መግል

አያ ዋኘው ወደ አገራቸው ዛሪማ ከመሳፈራቸው በፊት ስኳርና ሳሙና ሊገዙ አራዳ ዐብዱረሕማን ሱቅ ጎራ ባይሉ ኖሮ፣ ይህ ነገር በለቅሶ ቤት የሚወራ በሆነ ነበር። ባለቤታቸውን የትነበርሽን ደጅ ላይ፣ ወደ መናኸሪያ በሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ ጋቢ አከናንበው ትተዋት ነው የገቡት። የተቀበለቻቸው የነጋዴው ልጅ ፈህሚያ ናት። የሕክምና ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት የቀራት፣ ዕረፍት ስታገኝ አባቷን የምታግዝ፣ አነጋገሯ የረጋ ልጅ።

«እንደምን ዋሉ አያ ዋኘው? እማማ የትነበርሽስ ተሻላቸው?»

«ተመስገን ልጄ፣ ሸጋ ነው። መግሉ ደረቀልን። ወደ አገራችን ልንገባ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የትነበርሽ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር። ዳነች ሲሉ ሆዷ ውስጥ መግል ቋጠረ። ሐኪሞቹም ሆዷን ዳግም ሳይከፍቱ፣ በአልትራሳውንድ እያዩ በጎኗ ቆዳ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገቡና መግሉ ወደ ውጭ ከረጢት እንዲወርድ አደረጉ። ቱቦውን እንደያዘች ዘመድ ቤት ተቀምጣ እየተመላለሰች እንድትታይ አዘዙ። ከትናንት ወዲህ ግን ከረጢቱ ባዶ ሆነ። በአያ ዋኘው አገር ቁስል ደረቀ ማለት ዳነ ማለት ነውና፣ ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ ሲያመሰግኑ አደሩ።

«ደረቀ ያሉዎት ሐኪሞቹ ናቸው?» አለች ፈህሚያ።

«ምነው፣ እኔስ ዓይን የለኝም?»

ልጅቱ አንገቷን አውጥታ ባጃጁን አየች። «በዚህ ፀሐይ ይንቀጠቀጣሉ እኮ።»

«ድካም ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ይህን ነገር ከመነሻውም አልወደድሁትም። ቀደዷት፣ እሽ። ሰፏት፣ እሽ። ተመልሶ ጎኗን መውጋት ምን ይሉታል? ሥራቸውን ቢያውቁ በፊቱኑ አይጠርጉትም ነበር?»

«ቢቆጡ አይፈረድብዎትም። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ግን ቆሻሻው ሆድ ውስጥ ይበተናል። የቱንም ያህል ቢታጠብ ተሸሽጎ የሚቀር አይጠፋም። ድሮ ቢሆን ሆዳቸው ዳግም ይከፈት ነበር፤ አሁን በትንሽ ቀዳዳ ወጣላቸው። እንከን የለውም አልልዎትም። ቱቦው የሚገባበት መርፌ ደም ሥር ወይም አንጀት ሊነካ ይችላል፤ ቱቦው ሊንሸራተት ወይም ሊደፈን ይችላል። እየመጡ ይታዩ የተባለውም ለዚሁ ነው።»

አያ ዋኘው የሚያውቁት ነጋዴ ዕቃውን ሲያሞግስ ነው፤ እንከኑን ሳትጠየቅ የምትነግር የነጋዴ ልጅ ገጥማቸው አታውቅም። በልባቸው አደነቋት። ቢሆንም እጅ አልሰጡም።

«እንከን ካለውማ፣ ከደረቀ ወዲያ ምን ያስቀምጠናል?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የመስኖ ቦይዎ በድንገት ውኃ ቢያጣ፣ ምንጩ ነጠፈ ብለው ይተኛሉ?»

«ምን ሞኝ አደረግሽኝ? ቦዩን ይዤ ሽቅብ እወጣለሁ። ደለል ይዘጋዋል፣ ሣር ይዘጋዋል፣ ምቀኛም ይገድበዋል።»

«እስኪከፈት ውኃው የት ይሆናል?»

«የትም አይሄድ፤ እዚያው ወደ ኋላ ይተኛል እንጂ...» ብለው ወደ ባጃጁ ዞሩ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ሽማግሌው ስኳሩን ባንኮኒው ላይ ትተው ወጡ። የሚስታቸውን ግንባር ቢዳስሱ እሳት ነው።

«የትነበርሽ፣ እስቲ ቱቦውን ልየው።»

«ተወው፣ ደኅና ነኝ» ብላ ጋቢዋን ጨበጠች። በግድ ገለጡት። ቱቦው ታጥፎ በክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዓይኗን ሰብራ። «ነገ የደብራችን ማርያም ናት። ገላው የሚፈስ ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። ከታመምሁ ወዲህ ደጇን አልሳምሁም። ለሁለት ቀን ቢቆም ምን ይጎዳል አልሁ። ደግሞ አንተ ደረቀ ብለህ እንዲያ ደስ ሲልህ ጊዜ፣ መናገሩ ጨነቀኝ።»

አያ ዋኘው ባጃጁን ተደግፈው ቆሙ። «እኔ እልል ስል አንች ልትሞችብኝ ነበር» አሉ።

«የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እኔ አልናገርም» አለች ተከትላቸው የወጣችው ፈህሚያ፤ «እሱን ለነፍስ አባትዎ ይንገሯቸው። ገላዎን ግን ለሐኪም አይሸሽጉ። ክሩንም አይንኩት፤ እዚያው ይፈቱታል።» ሱቁን ለአባቷ ትታ አብራቸው ተሳፈረች።

ሆስፒታል ክሩ ሲፈታ ቱቦው ውስጡም ተደፍኖ ተገኘ። በንጹሕ መድኃኒታዊ ውኃ አጠቡት፤ የታቆረው መግል ወረደ። የፀረ ተሕዋስያን መርፌም ተሰጣት፤ ትኩሳቷም እያደር በረደ። መግሉን ከነትኩሳቱ ይዛ ዛሪማ ገብታ ቢሆን ኖሮ፣ መርዙ ወደ ደሟ ዘልቆ ሊገድላት ይችል እንደነበር ሐኪሙ አልሸሸጓቸውም። ነፍስ አባቷ አባ ሰውአገኝም በስልክ ሰምተው መጡ። «በሽተኛ ሲተኛ እኛ እንመጣለን እንጂ፣ ማን ቱቦሽን እሰሪ አለሽ?» ብለው ገሠጿት፤ ጸሎት አድርሰው መስቀል አሳለሟት።

ከዚያ ወዲያ አያ ዋኘውን የሚችላቸው ጠፋ። ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛች አንዲት ሴት እንደ የትነበርሽ ሁሉ ቱቦ ገብቶላት፣ እህቷ በቱቦው አፍራ ከሆስፒታል ልታስወጣት ብትነሣ ተቀመጡና ያስረዱ ጀመር። «ሁለተኛ ከመቀደድ ያድናል፤ ቶሎ ያስነሣል። ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ድንገት ሲቆም፣ ደም ሲመጣ፣ ቱቦው ወደ ውጭ ሲሳብ፣ ብርድ ብርድ ሲል ሐኪም ይጠራ። ለሐኪም መናገር ነውር የለበትም። እኔ ይኸው ባልጠይቅ ኖሮ ሚስቴን...»

«አንተ ብቻ አይደለህም» አለች የትነበርሽ ከአልጋዋ። «የሸሸግሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም ንገራቸው።»

ቀና አለችና ጋቢዋን ራሷ ገለጠች። «ነይ እቴ፣ እይው» አለቻት ያችን እህት፤ «እኔም እንዳንች አፍሬ ነበር።»