«ይዘኸኛል?» ብሎ ለወረደው ለኑርዬ

ሸሆቻችን፣ አባቶቼ፣ የአምባሰል ሰዎች፣ ከሐይቅ በሚኒባስ ተጨናንቃችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ከማዶ ከእኛ ሰፈር ማዕተባችሁን አስራችሁ አብራችሁኝ የወረዳችሁ ጎረቤቶቼ፤ ሰላም በሁላችን ላይ ይሁን። ጀናዛ እንደማይቆይ አውቃለሁ። እኔም አላስቆይም ነበር። ቆፋሪዎቹ ግን አለት ገጥሟቸዋል፤ የዶማውን ድምፅ ትሰማላችሁ። ሸህ ሙአዊያ «አለቱ እስኪለቅ ተናገር፣ ባዬ፤ ሲለቅ ታቆማለህ» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔ ገመድ ያዡ ነኝ። ኑርዬ ገደሉ ላይ ወዳሉት ቀፎዎቹ ሲወርድ ከላይ ሆኜ ገመዱን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያዝኩት። ትናንት ረፋድም ይዤው ነበር።

ትናንት ለቅሶ ቤት አንድ ሰው «ባዬ ለቀቀው» ሲል ሰማሁ። ማን እንዳለው አልናገርም፤ እዚሁ አለ። እጄ ይኸው። እዩት። ገመዱ አልተበጠሰም። እጄም አልላላም። ገመዱ በድንገት ቀለለኝ እንጂ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የማውቀው የሰው ክብደት ከእጄ ጠፋ። ስስበው ባዶውን መጣ። ቀለበቱ ተከፍቶ ነበር።

ስለዚህ ቀለበት ነው የምነግራችሁ። ስለ ቀለበቱና ስለ ሠሪዎቹ።

መጀመሪያ ግን ሥራችንን ለማታውቁ ልናገር። ገደል ወራጅ ከመውረዱ በፊት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። «ይዘኸኛል?» ይላል። ገመድ ያዡ «ይዤሃለሁ» ይላል። ሦስት ጊዜ። በራስ መነቅነቅ አይሆንም። በአፍህ ካልተናገርክ ማንም አይወርድም። ኑርዬ እኔን ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደ አዲስ ሰው ጠየቀኝ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ኧረ ተወኝ አቦ፣ መቼ ለቅቄህ አውቃለሁ!» ብለው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ አለና «እንግዲያው አልወርድም» አለኝ። እስክመልስለት ድረስ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ቃል ማለት ለእሱ እንዲህ ነበር።

ደግሞ ጋሽ ሀሚዱ አሉ። እዚያ ግራዋው ሥር ተቀምጠዋል። ጠፍር ይጎነጉናሉ፤ አባታቸውም ይጎነጉኑ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት ኑርዬ ገበያ መሀል ሄዶ «ጋሽ ሀሚዱ፣ የሰጡኝ ጠፍር አንዱ ፈትል ሳስቷል» አላቸው። ሰው ሁሉ ሰማ። ምን አሉት? ሰደቡት! ጋሽ ሀሚዱ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እዚህ የማይደገም ስድብ ነው የሰደቡት። «አንተ ኸመቼ ወዲህ ነው ጠፍር የምታውቀው!» አሉት። ከዚያ ዕቃቸውን ሰብስበው ከእኛ ጋር ግማሽ ቀን ተጉዘው ገደሉ ድረስ መጡ። በስድሳ ዓመታቸው ጠፍሩን ወገባቸው ላይ አስረው «ያዝ!» አሉኝ። ተንጠለጠሉበት። ላብ አጠመቀኝ። ሲወጡ ጠፍሩን በቢላዋ ከሁለት ቆረጡትና በሳምንቱ ሌላ አመጡ። ያ ጠፍር አንድም ቀን አላሳፈረንም።

ሠሪ ሲወቀስ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ይሳደባል፣ ይቆጣል፣ ግን ይመጣል። ይንጠለጠላል። እኛ ሌላ ዓይነት ሠሪ አናውቅም ነበር።

የኑርዬ እህት ኢልሀም ከአረብ አገር፣ ሰው ቤት እየሠራች፣ የገደል መውጫ ዕቃ ላከችለት። ቀበቶ፣ ገመድ፣ ቀበቶውን ከገመዱ የሚያያይዝ መዝጊያ ያለው የብረት ቀለበት። ሲያምር! የታወቀ ኩባንያ ዕቃ ነው ተባለ። ስሙን በዚህ አፈር ላይ አልጠራም። ኑርዬ ደስ ቢለውም የጋሽ ሀሚዱን ጠፍር አልጣለም። አዲሱን ከላይ፣ ጠፍሩን ከሥር አድርጎ በሁለቱም ታስሮ ይወርድ ነበር።

ያለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ያለ ጊዜ፣ ቀለበቱ ገደሉ ወገብ ላይ በራሱ ተከፈተ። ጠፍሩ ያዘው። ሲወጣ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቁጭ ብሎ ቀለበቱን ደጋግሞ ዘጋው፣ ደጋግሞ ነቀነቀው። ከአምስት አንዴ ይከፈታል። በሞባይሉ ቀረጸው። ከዚያ ወደ ሐይቅ ወረደ፣ ወደ ኢቲሳም። ኢቲሳም የወንድሙ ልጅ ናት፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ፌስቡክ የከፈተችለትም እሷ ናት፤ ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን። ትዝ ይላችኋል ያ ሰሞን? ተናገር፣ ትሰማለህ የተባለበት? ኑርዬ አምኖ ነበር። እንዳመነ ቀረ።

ኩባንያው ፔጅ ላይ፣ አንድ ነጭ ሰውዬ ተራራ ላይ ቆሞ የሚስቅበት ፎቶ ሥር፣ ቪዲዮውን ለጠፈችለት። «ስሜ ኑርዬ ነው። ማር ቆራጭ ነኝ። ቀለበታችሁ ይከፈታል። ሰው ከመሞቱ በፊት እዩት።» ይኸው ነው። ስድብ የለበትም።

በማግስቱ መልስ መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ ስለ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን። የእርስዎ ደህንነት ከሁሉ በፊት የምናስቀድመው ነው።» መጨረሻው ላይ ቀይ ልብ። ኑርዬ እንዴት ደስ አለው! «አየህ ባዬ፣ ወላሂ ጨዋ ሰዎች ናቸው» አለኝ። ስልኩ ላይ ያለውን ቀይ ልብ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ለሰው ሁሉ አሳየ። እኔም ከጋሽ ሀሚዱ ስድብ ይኼ ይሻላል ብዬ ነበር። አዎ፣ ብዬ ነበር!

ከዚያ የእሱ ኮሜንት ሥር ሰው መጻፍ ጀመረ። አገራቸውን የማናውቃቸው ሰዎች። «የእኔም ተከፍቷል።» «የወንድሜም።» መቶ አርባ ሰው ደረሰ። ይኼን ጊዜ ኩባንያው ልብ መላኩን ተወና «እባክዎ በውስጥ መስመር ያነጋግሩን» አለ። ኢንቦክስ ገባን። እንዲህ አሉት፦ «ቪዲዮዎን አይተናል። ዕቃውን ፈትነነዋል። ጠቅ እስኪል ከተዘጋ ምንም አይሆንም። ቢሆንም ለእርስዎ ካለን አክብሮት አዲስ እንልክልዎታለን። ኮሜንቱ ሌሎች ደንበኞችን ስለሚያሳስብ ግን ቢያነሱልን።»

ወገኖቼ፣ አንድ ቃል ስሙልኝ። ፈትነነዋል። ኑርዬ ይኼን ሲሰማ ምን መሰለው? ሰው የተንጠለጠለበት መሰለው። «አንዱ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ አይቶታል ማለት ነው» አለኝ። ሌላ መፈተን መች ያውቃል! እኔስ መች አውቅ ነበር! ያ ሁሉ ቆንጆ ቃል ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚጻፍ ማን ነግሮን?

ኮሜንቱን ግን አላነሳም አለ። «እነዚያስ ሰዎች?» አለ። «ኸእኔ በኋላ የሚገዛውስ? ዕቃው ይላክልኝ ብዬ ለእሱ ዝም ልበል?» ሦስት ቀን እንቢ አለ።

አሁን የምናገረውን ለማንም አልተናገርኩም። ደምስሰው ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ባዬ። «አዲስ ዕቃ ላኩልህ፣ ምን ቀረብህ? ለነጭ አንተ ነህ የምታስብለት? ደምስሰውና ዕቃህን ውሰድ» አልኩት። ተጨቃጨቅን። አኮረፍኩት። ለኔ ብሎ ደመሰሰው። ኢቲሳም ስትደመስሰው እጇ ላይ አየሁት፤ የመቶ አርባው ሰው ጽሑፍም አብሮ ጠፋ። «ተልኳል» አሉን። ደግሞ ልብ ላኩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የዚያን ሰሞን ለእናንተ አልተርክም፤ ሁላችሁም ነበራችሁበት። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቆረጠ። ሜዳ ላይ ያሉት ቀፎዎች ተራቆቱ። የጋሽ ሀሚዱ ጠፍርም በዚያው ሄደ። ማን ወሰደው አትበሉኝ። የወሰደው ጭነት አስሮበት ይሆናል። የተላከውም ዕቃ አልደረሰም፤ ከነአካቴው ተልኮ እንደሆነም እንጃ።

ጦሩ ሲያልፍ ለኑርዬ የቀሩት ገደሉ ላይ ያሉት ቀፎዎች ብቻ ነበሩ። ቤቱ ባዶ ነው። ሚስቱ ኡሙሰልማና ልጆቹ አሉ። ጋሽ ሀሚዱ ቆዳ አጥተው አዲስ ጠፍር መጎንጎን አልቻሉም። «ጠፍር እስኪገኝ ቆይ» አልኩት። «ፈትነነዋል ብለዋል እኮ» አለኝ። ለምን ቀለበቱን ትታችሁ ገመዱን ቀበቶው ላይ አልቋጠራችሁትም ትሉኛላችሁ። ፈትነነዋል ስላሉን ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ትናንት አፋፉ ላይ ቀለበቱን ጠቅ አደረገው። ሁለታችንም ሰማነው። «ይዘኸኛል?» አለኝ። «ይዤሃለሁ።» «ይዘኸኛል?» «ይዤሃለሁ።» «ይዘኸኛል ባዬ?» «ይዤሃለሁ ወንድምዓለም፣ ውረድ።»

ወረደ።

ሐይቅ ኔትወርክ የተመለሰው ባለፈው ሳምንት ነው። ኑርዬ «ለገበያ ስወርድ ፌስቡኩን አስከፍተዋለሁ» ይል ነበር። አልደረሰም። ዛሬ ጠዋት ኢቲሳም ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ከፈተችው። ሲጠብቀው የቆየ መልእክት አገኘች። «በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ ስላልመለሱልን ጉዳይዎ እንደተፈታ ቆጥረን ዘግተነዋል።» ሰማችሁ? እኛ ጓዳ ተኝተን ተኩስ ስንቆጥር፣ እነሱ ቀን ቆጥረው ዘጉት። ልጅቷ እያለቀሰች «ይህ ሰው ትናንት ከቀለበታችሁ ወድቆ ሞቷል» ብላ ጻፈችላቸው። ሁለት ደቂቃ አልቆየም። «ውድ ኑርዬ፣ ስለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። አገልግሎታችንን ስንት ኮከብ ይሰጡታል?»

ኮከብ! ለማን ነው የሚሰጠው? እሱ ነው የሚሰጣቸው? ከዚያ ቃሬዛ ላይ ተነስቶ?

ትንሽ ቆይቶ ሰው የጻፈው የሚመስል መልስ መጣ። «ዕቃው ከአጠቃቀም ስህተት የተነሳ ሊከፈት ይችላል» አለ። ስህተቱ የኑርዬ ሆነ። ኢቲሳም መልስ ልትጽፍ ስትል ብሎክ አድርገዋታል።

ለቅሶ ቤት ስንገናኝ የኔን ስልክ ሰጠኋት። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች፤ ኔትወርክ ያለበት ሐይቅ ስትመለስ ትለጥፈዋለች። «ስሜ ባዬ ነው። ገመድ ያዥ ነኝ። ኑርዬ ነግሯችሁ ነበር። ያስደመሰስኩት እኔ ነኝ። አሁን እኔ እነግራችኋለሁ። ቀለበታችሁ ይከፈታል።» ይደምስሱት። ነገም እጽፈዋለሁ። በየገበያው ቀን ሐይቅ ወርጄ እጽፈዋለሁ። ልብ ሲልኩልኝ እጽፈዋለሁ፣ ሲዘጉኝ በልጄ ስልክ፣ በጎረቤት ስልክ እጽፈዋለሁ። ከእናንተም ስልክ ያለው ያውሰኝ።

ዶማው ዝም አለ። አለቱ ለቋል።

ሸህ ሙአዊያ ቅድም «አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት» ሲሏችሁ ሁላችሁም «አውፍ ብለነዋል» አላችሁ። ኑርዬ አንዳችሁንም የበደለ አይመስለኝም። የበደልኩት እኔ ነኝ፤ እኔን አውፍ የሚለኝ ደግሞ ከፈን ውስጥ ነው። ጋሽ ሀሚዱ፣ እርስዎ የሰደቡን ስድብ ዛሬ ናፈቀኝ። ኡሙሰልማ ሴቶቹ ጋ ቤት ናት፤ አትሰማኝም፤ ደርሳችሁ ንገሯት። እኔም ሄጄ እግሯ ሥር እነግራታለሁ።

ኑርዬ፣ ወንድሜ። ዛሬ የሚያወርዱህ የሰው እጆች ናቸው። መሀላችሁ ብረት የለም። አንተ ሳትጠይቅ ወርደህ አታውቅም፤ ዛሬ ግን መጠየቅ አትችልም፤ ስለዚህ ሳትጠይቀኝ እመልስልሃለሁ።

ይዤሃለሁ።

ይዤሃለሁ።

ይዤሃለሁ ወንድምዓለም። ውረድ።