ከሶኬቱ የተነቀለው ፈቃድ

ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ወገዳ የሚሄደው አውቶብስ ላይ ከመሳፈሯ በፊት ጎማዎቹን ዞራ አየች። የሾፌሩ ዓይን እንቅልፍ ያጣ እንዳይሆን ፊቱን አየች። ከዚያም ገደሉን እያየሁ አልሄድም ብላ ከመስኮቱ ርቃ ተቀመጠች። ክፉውን አስቀድሞ ማሰብ ልማዷ ነው። ልጇ ኤልሳቤጥ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ብትዘገይ፣ እናት በልቧ ለቅሶ ተቀምጣ ትቆያለች።

በዚያ የሰኔ ቀን ግን የከበዳት መንገዱ ብቻ አልነበረም። ለገጠር ሕዝብ ምንጭ የሚያጎለብት የአንድ ማኅበር ንብረት ጠባቂ ናት፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለው ዋና ቢሮ ወደ ወገዳው ቢሮ አንድ የታሸገ ፖስታ እንድታደርስ ተልካለች። በፖስታው ውስጥ ያለው ደብዳቤ ማስተዋል የተባለውን ወጣት መሐንዲስ ከሥራ የሚያሰናብት ነው። ይዘቱን ታውቀዋለች፤ አንዱ መስመር የራሷ ቃል ነውና። «በዋናው ቢሮ በኩል ምንም ችግር እንዳልነበረ ከንብረት ክፍል ተረጋግጧል» ይላል። ያ መስመር ከተጻፈ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሏታል።

አውቶብሱ ሊነሣ ሲል አንዲት ወጣት ሁለት ካርቶን ታቅፋ ገባች። ከኋላዋ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ አንዱን ካርቶን ተቀብለው አገዟት።

«እትዬ አልጣሽ፣ እርስዎም ወደ ወገዳ ነዎት?» አለች ወጣቷ። ፅጌረዳ ትባላለች፤ ማኅበሩ ኮምፒውተሮቹን እንድታስተካክል ከደብረ ታቦር ያስመጣት ባለሙያ ናት።

«የታዘዝሁት ነገር አለ» አለች ወይዘሮ አልጣሽ፣ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ እየሳበች። «ካርቶኑ ምንድን ነው? የሚፈነዳ አይደለም?»

«ሰርቨር ነው። አንዱ ለወገዳ፣ ሌላው በዚህ ወር ነፋስ መውጫ ለሚከፈተው ለጋይንቱ ቢሮ።»

ሽማግሌው ከጎናቸው ተቀመጡ። መሪጌታ ላቀው ይባላሉ፤ ወገዳ ያለችበት የስማዳ ወረዳ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ሰርቨር የምትይው ምን የሚያደርግ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የኔታ፣ መሐንዲሶቻችን የምንጭ ንድፍ የሚሠሩበት ፕሮግራም በፈቃድ የሚሠራ ነው። የገዛነው ስድስት ፈቃድ ነው። ወገዳ ያለ ኮምፒውተር ፕሮግራሙን ሲከፍት መካነ ኢየሱስ ያለውን ሰርቨር በመስመር ‹ፈቃድ አለኝ ወይ?› ብሎ ይጠይቃል። ‹አለህ› ከተባለ ይከፈታል። መልስ ካጣ አይከፈትም፤ ተከፍቶ የነበረውም ይዘጋል።»

«እና አሁን?»

«አሁን ፈቃዱን ሻጩ ከፋፍሎ ሰጥቶናል፤ በየቢሮው ሁለት ሁለት። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የራሱን ቢሮ ይጠይቃል፤ ከዚያ ካጣ ጎረቤቱን። አንዱ ሰርቨር ቢጠፋ የሌሎቹ ሥራ አይቆምም።»

ወይዘሮ አልጣሽ ዝም ማለት አልቻለችም። «እኔ አልወደድሁትም። በሦስት እጅ የገባ ነገር ባለቤት የለውም። እኔ ዘንድ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቁልፍ ተቀምጦ ነበር። ሦስት ቦታ ካደረጋችሁት ሦስት ቦታ ይቃጠላል።»

«አንድ ቦታ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን ያልቃል፣ እትዬ።»

«መብረቅ የት እንደሚወድቅ አንቺ ታውቂያለሽ? የጎረቤቴን ቴሌቪዥን በሶኬቱ ገብቶ ከሰል አድርጎታል። ልጆቹ ዳር ላይ ስለነበሩ ነው የተረፉት።»

«ለዚያማ ከኤሌክትሪኩ የሚጠብቅ መሣሪያ አምጥቻለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪም አለው።»

«ባትሪ ደግሞ ያብጣል» አለች ወይዘሮ አልጣሽ።

መሪጌታ ሣቁ። «አንቺ ሴት፣ ገነት ብትገቢም በሩ እንዳይዘጋብሽ ድንጋይ ታስደግፊያለሽ።»

ሣቁ ደፋር አደረጋትና ወደ እሳቸው ዞረች። «መሪጌታ፣ እርስዎ ይፍረዱ። የድጓ ዜማ የሚመሰከረው በጋይንቷ ቤተ ልሔም አይደለም? አንድ ቦታ ስለሆነ አይደለም ሳይበላሽ የቆየው?»

መሪጌታ ላቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትሽን ነው። እኔም ያስመሰከርሁት እዚያው ነው። ነገር ግን ካስመሰከርሁ በኋላ ዜማውን ይዤ ነው ወደ አጥቢያዬ የተመለስሁት። ማኅሌት በቆምን ቁጥር ‹ልጀምር ወይ?› እያልሁ ቤተ ልሔም መልእክተኛ ብልክ ኖሮ፣ የእኔ ደብር እስከ ዛሬ ዜማ አይሰማም ነበር። ምስክርነቱ ከአንድ ቦታ ይምጣ፤ አገልግሎቱ ግን ሰው ባለበት ይሁን።»

ወይዘሮ አልጣሽ ቦርሳዋን ይበልጥ ወደ ደረቷ ሳበች። አለመርታቷ አልነበረም የቆጠቆጣት። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ከማተቧ ጋር በአንገቷ ታስራለች። ሰማዩ ሲጠቁር ወይም ከቢሮ ስትወጣ፣ እሳት እንዳይነሣ ብላ መሰኪያውን ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። በዋናው ቢሮ ያሉት የጽሕፈትና የሒሳብ ሠራተኞች ስለሆኑ መጥፋቱን ያወቀ አልነበረም። ግንቦት መጨረሻ ሰማዩ ሦስት ቀን ሲያጉረመርም ሦስት ቀን ነቀለችው። የማስተዋል ንድፍም ለረጂው ድርጅት በቀኑ ሳይደርስ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቃት ግን «በእኛ በኩል ችግር የለም» አለች። ከአፏ የወጣው ይኸው አጭር ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሊመለስ አልቻለም።

መሪጌታ ነገሩን ሳያውቁ ቁስሉን ነኩት። «የእኛም ምንጭ በዚህ በንድፍ ነገር ለከርሞ ተላለፈ። ሴቶቻችን ዘንድሮም ገደል እየወረዱ ሊቀዱ ነው። ወገዳ ያለው ልጅ ‹ፕሮግራሙ እየተዘጋብኝ ነው› ይለን ነበር፤ ከዋናው ቢሮ ስንጠይቅ ምንም ችግር የለም ተባልን። ያኔ ተናደድሁና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ሰነፍና ውሸታም ነው ብዬ ረገምሁት።»

«ረገሙት?» አለች ወይዘሮ አልጣሽ።

«ረገምሁት። እናቱም እዚያው ቆማ ትሰማ ነበር።»

ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አወረደች። ኤልሳቤጥ በሕዝብ ፊት ስትረገም፣ እሷም ቆማ ስትሰማ ታያት። በሕይወቷ ስንት ያልደረሰ መከራ አስባ ፈርታለች። ይህ ግን የደረሰ ነው፤ የደረሰውም በሰው ልጅ ላይ ነው፤ ያመጣችውም እሷ ናት።

መንገዱን አጋምሰው ሳለ የፅጌረዳ ስልክ ጮኸ። ጥቂት ሰምታ ዘጋች፤ መካነ ኢየሱስ ደውላ ከጠየቀች በኋላም ግንባሯን አሸች። «ማስተዋል ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆሞበታል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ መካነ ኢየሱስም መብራት አለ አሉኝ። ምን ሆኖ ነው? የክፍሉን ቁልፍ ለማን ሰጥተው መጡ፣ እትዬ?»

ሦስት ሰዓት ማለት ወይዘሮ አልጣሽ ለጉዞ የወጣችበት ሰዓት ነው።

«መስመሩ ተበጥሶ ይሆናላ» አሉ መሪጌታ በየዋህነት።

ማምለጫ ተከፍቶላት ነበር። «ይሆናል» ብትል በዚያው ይቀር ነበር። እጇ ወደ አንገቷ ሄደና ቁልፉን ከነማተቡ ያዘች።

«መስመሩ አልተበጠሰም» አለች። «ነቅዬው ነው የመጣሁ። የግንቦቱንም የነቀልሁት እኔ ነኝ። ያ ልጅ አልዋሸም። ችግር የለም ያልሁት እኔ ነኝ።»

ፅጌረዳ ስልኩን እንደያዘች ዓይኗን ቁልፉ ላይ ተከለች።

መሪጌታ ወደ እሷ ዞሩ። «እስቲ አስቢው፣ ልጄ። ሥራው ወገዳ፤ ማሽኑ መካነ ኢየሱስ፤ ቁልፉ አንገትሽ ላይ፤ አንቺ አውቶብስ ላይ። አንቺ ብትታመሚስ? እግዜር አያድርገውና አንቺ ብትሞችስ?»

ስለ ሞቷ ስንት ጊዜ አስባለች። ከእሷ በኋላ ስለሚቆመው ሥራ ግን አንድም ቀን አላሰበችም።

«እኔ ጠበቅሁት ስል…» ብላ ቀረች።

«ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ እትዬ» አለች ፅጌረዳ በቀስታ። «እንዳይነቀል የነገረዎት የለም። ሦስት ወረዳ በአንድ ሶኬት ላይ ማንጠልጠልም የእርስዎ ሐሳብ አልነበረም። ውሸቱ ግን የእርስዎ ነው። እሱን እኔ በሰርቨር ላስተካክለው አልችልም።»

ወገዳ ሲደርሱ ማስተዋል ካርቶኖቹን ሊቀበል ወጣ። ከስቷል። ወይዘሮ አልጣሽ ፖስታውን አውጥታ ሰጠችው፤ ሳይከፍተው ግን እጁን ያዘችው። «ማሰናበቻ ነው። ውስጡ ያለው ምስክርነት የእኔ ነው፤ ሐሰትም ነው። ሥራ አስኪያጁ ጋ አሁን እዚሁ ፊትህ እደውላለሁ።»

ደወለችም። አንዱንም ሳታስቀር ተናገረች። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤው እንዲመለስለት፣ እሷም ሰኞ በጽሑፍ እንድታስረዳ አዘዘ። መሪጌታ ላቀው ደግሞ ጥምጣማቸውን አውልቀው በወጣቱ ፊት ጎንበስ አሉ። «በሕዝብ ፊት ነው የረገምሁህ፤ እሑድ በዚያው ሕዝብ ፊት እመርቅሃለሁ» አሉት።

«እናቴ ካለችበት ይሁን» አለ ማስተዋል። ሌላ አልጠየቀም። ወይዘሮ አልጣሽን ግን አላያትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ማየት ለሚጠራጠር ሁሉ ይበቃል። የወገዳው ሰርቨር በዚያው ቀን ተተከለ፤ በሳምንቱ የነፋስ መውጫው ቆመ። መስመር ሲበጠስ እያንዳንዱ ቢሮ በራሱ ፈቃድ ይሠራል። መሐንዲስ ወደ ገጠር ሲወርድ አንዱን ፈቃድ ለሳምንት በላፕቶፑ ተውሶ ይሄዳል። አንዱ ሰርቨር ሲጠፋም ለሦስቱም ቢሮ መልእክት ይደርሳል፤ ስለዚህ ያልጠፋው ጠፋ፣ የጠፋውም አልጠፋም ማለት ቀርቷል። የክፍሉ ቁልፍም ሁለት ሆኗል።

ወይዘሮ አልጣሽ በቅጣት ደብዳቤ ታለፈች። ፍርሃቷ ግን እንዳለ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው፣ ሳታስበው ሄዳ መሰኪያውን ነቀለችው። እጇ ላይ ሲንጠለጠል አየችውና አፈረች። መልሳ ሰካችው። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት ወገዳ ደወለች።

«ማስተዋል፣ አልጣሽ ነኝ። አሁን ነቅዬው ነበር። እኔ ነኝ። ሥራህ ተቋረጠ?»

«ኧረ ምንም አልሆነም» አለ። «እንዲያውም አሁን የእነመሪጌታን ምንጭ ንድፍ እየሠራሁ ነው።» ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ጨመረ፦ «ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

ከሰኔ ወዲህ እትዬ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ስልኩን አስቀምጣ፣ ዳግመኛ ወደ መሰኪያው እንዳይሄድ እጇን ከጭኗ በታች አድርጋ ተቀመጠችና ነጎድጓዱን እስኪያልፍ አዳመጠችው።