በአሮጌ ፊልም የተገዛ ጉልበት

አቶ ኦግደን ሊንድክዊስት ዳሌያቸውን ሊታከሙ ወደ ክሊኒኩ የገቡት በመጋቢት ወር፣ የዱሉት ከተማ ሐይቅ ገና በረዶ እንደሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የከተማዋን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሲመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀድሞ አሰልጣኝ ስለነበሩ ሰው ሁሉ እስካሁን «አሰልጣኝ» ይላቸዋል። ቡድኑ ከተሸናፊነት ካልወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ያን ዕለት እስከ አስር ሰዓት ድረስ ኮርዴል ማቢንን ማስፈረም ወይም መተው ነበረባቸው። ማቢን ውሉ አልቆ ነፃ የወጣ፣ ኳስ ይዞ በመሮጥ ስመ ጥር የሆነ የሠላሳ ሦስት ዓመት ተጫዋች ነው። ውሉ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ማርላ ቴንፔኒን አገኟት። ማርላ ኮሌጅ ለኮሌጅ እየዞረች ልጆች ትመለምልላቸው ነበር። በየሚያዝያው ቡድኖች ሁሉ በተራ ከኮሌጅ ልጆች ይመርጣሉ፤ እሳቸው ግን ተራቸውን እየሸጡ አንጋፋ ተጫዋች ሲገዙበት ጊዜ ሥራውን ጥላ ሄደች። አሁን እናቷን ልታሳክም መጥታ ነው።

«እንደምን ዋሉ አሰልጣኝ? ዳሌዎ እንዴት ነው?»

«ከቡድኔ ይሻላል። አንቺስ፣ አሁንም ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው የምታሳድጂው?»

«አሁንም። እርስዎስ ዘንድሮ የማንን ጡረተኛ ነው የሚያመጡት?»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም። «ማቢንን ነው። ትናንት ፊልሙን አየሁት። አራት ሰው ጥሎ ሲያልፍ ብታዪው።»

«ፊልሙ የመቼ ነው?»

የኮታቸውን ኪስ ዳበስ አደረጉ።

«የመቼ ነው አሰልጣኝ?»

«የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ቢሆንስ? ሰው ችሎታውን አይረሳም።»

«እሱ አይረሳም። ጉልበቱ ነው የሚረሳው።»

የአቶ ኦግደን ልማድ ነበር። በየመጋቢቱ መጋረጃ ዘግተው፣ ሊያስፈርሙት ያሰቡት ሰው ለሌላ ቡድን የሠራውን ጀብዱ ያያሉ። ሐኪም ስለ ሰውየው ጤና የጻፈው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሳይገለጥ ይከርማል። ክፋት የለባቸውም፤ ያዩትን መልካም ነገር መርሳት ስለማይችሉ ነው።

«ልጄ፣ የኮሌጅ ልጅ ቁማር ነው» አሉ። «ከሰባት ልጅ ሁለት ቢወጣልሽ ነው። ያ ያስመረጥሽኝ የኢንዲያና ኮሌጅ ልጅ የት ደረሰ?»

«የትም። ተሳስቻለሁ። ግን በትንሽ ደሞዝ ነው የወደቀው፤ በዓመቱ ሌላ ሞከርን። የእርስዎ ሰው ሲወድቅ የአምስት ልጅ ደሞዝ ይዞ ነው። ለቡድኖች ሁሉ እኩል የተወሰነው የደሞዝ ጣሪያ እንደሆነ ለእርስዎ ተብሎ ከፍ አይልም።»

«ልጅ እስኪበስል ስጠብቅ እኔ እሞታለሁ።»

«ሊሞቱ ይችላሉ» አለች ማርላ ቀስ ብላ። «ቡድኑም አብሮዎት ይሙት?»

በዚህ መሃል የሕክምናው በር ተከፈተና ፎንቴኖ በከዘራ ወጣ። የዛሬ ስድስት ዓመት እንዲሁ በፊልም አይተው ያስፈረሙት ሰው ነው። ሰባት ጨዋታ ተጫውቶ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ።

«አሰልጣኝ፣ ማቢንን ሊያመጡት ነው አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«ራሱ። በየሳምንቱ ከጉልበቱ ውኃ እያስቀዳ ነው የሚሮጠው።»

«ለእኔ አልነገረኝም።»

«እኔስ ነግሬዎት ነበር? ውል የመጣለት ሰው ያመኛል አይልም። የሐኪም ወረቀቴን አንብበው ትተውኝ ቢሆን ዛሬ ደረጃ እወጣ ነበር።»

ሳይቆጣ ነው የተናገረው። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

አሰልጣኙ ወደ ማርላ ዞሩ። «እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«የምርጫ ተራዎን አይሽጡ። የመረጧቸው ልጆች በውላቸው አራት ዓመት በእጅዎ ናቸው። ከሌላ ቡድን የሚያመጡት ልጆቹን የሚያስተምር፣ ጉልበቱ የተመረመረ አንድ ሁለት ሰው ይሁን። ሁለት ዓመት ይሸነፋሉ፤ ይሰደባሉም። በሦስተኛው አብረው ያደጉ ልጆች ይኖሩዎታል።»

አስር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልካቸውን አወጡ። ለማቢን ወኪል ሳይሆን ለራሱ ለማቢን ደወሉ።

«ኮርዴል፣ ኦግደን ነኝ። አላስፈርምህም።»

«ጉልበቴ ነው?»

«አዎ። ደግሞ እኔ ያየሁት አንተን አይደለም፤ የዛሬ አምስት ዓመት የነበረውን ሰው ነው።»

«እሱን እኔም ስፈልገው ነበር» አለ ማቢን፤ ስልኩም ተዘጋ።

ዱሉት በዚያ ሚያዝያ ስምንት ልጆች መረጠች። ሁለት ዓመት ተሸነፈች፤ አቶ ኦግደንም በየጋዜጣው ተሰደቡ። በሦስተኛው ዓመት ልጆቹ ማሸነፍ ጀመሩ፤ ደሞዙም ለሁሉም በቃ፤ ለአንድ መጋቢት ፊርማ ተብሎ እግሩን የሚያጣ ሰውም ከዚያ ወዲያ የለም። አቶ ኦግደን ይህን ለማየት አልደረሱም።

አሁን እዚያ ቡድን ውስጥ ማንም ከመፈረሙ በፊት የሐኪሙ ወረቀት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ ነው። የሚያነበውም ፎንቴኖ ነው፣ ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ።